ወደ ትዌይትስ፦ በረዶው መሬት እስከሚለቅበት መስመር

ትዌይትስ በምዕራብ አንታርክቲካ፣ አሙንድሰን ባህር ዳር ያለ የበረዶ ግግር ነው። ባህር የሚገባበት አፉ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በምድር ላይ በስፋት የሚስተካከለው ግግር የለም። ጠቅላላ ስፋቱ 192,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ የዓለምን ባህር ጠለል 65 ሴንቲ ሜትር ያነሳል። አሜሪካና እንግሊዝ በ2018 የጋራ ጥናት ጀመሩበት። በ2019/20 የስራ ወቅት ደግሞ ተንሳፋፊውን የምስራቅ ክፍል ከላይ እስከ ታች በስተው፣ በረዶው መሬት ለቆ መንሳፈፍ በሚጀምርበት መስመር አጠገብ ያለውን ውሃ ለኩ። ይህ ማስታወሻ የዚያን ጉዞ መንገድና የዚያን ስራ ቅደም ተከተል ይከተላል።

ዓመተ ምህረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የቀን ቁጥሩ ግን አየሩ እሺ ካለ ተብሎ የተቀመጠ ነው። አየሩ እሺ የማይልበት ጊዜ ስለሚበዛ፣ እዚህ 24 ቀን ተብሎ የተጻፈው መሬት ላይ ሁለት ወር ቢፈጅ የሚገርመው ሰው የለም።

1ኛ ቀን፣ ክራይስትቸርች

ኒውዚላንድ ላይ ዋናው ስራ ልብስ መለካት ነው። ጃኬቱ፣ ሱሪው፣ ጫማው፣ ሦስት ዓይነት ጓንት፣ መነጽሩ፣ ሁሉም እዚያው ይሰጣል፤ ሁሉም እዚያው መለበስ አለበት። ዚፑ የማይዘጋ ጃኬት ከዚህ በኋላ የሚቀየርበት ሱቅ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጫማ ነው። እግር ላይ ልክ የሆነ ጫማ ወፍራም ካልሲ ሲጨመርበት ደም ይይዛል፤ ደም ያልደረሰው ጣት ደግሞ መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ጣት እንደ ልብ የሚንቀሳቀስበትን ቁጥር መውሰድ ነው።

ሻንጣው 38 ኪሎ ገደማ ላይ ይቆማል። ከእሱ ተለይታ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ትዘጋጃለች፤ «ቡመራንግ» ይሏታል። አውሮፕላኑ ከግማሽ መንገድ ከተመለሰ ዋናው ሻንጣ ከጭነቱ ጋር ታስሮ ይቀራልና፣ ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃው ቅያሪና መድኃኒት በእሷ ውስጥ ነው የሚያዘው።

2ኛ ቀን፣ በረራ

ክራይስትቸርችና አንታርክቲካ ላይ ያለው የአሜሪካ ጣቢያ ማክመርዶ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በሲ-17 የጭነት ጄት 5 ሰዓት፣ ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) በተገጠመለት ሄርኩለስ የጭነት አውሮፕላን 8 ሰዓት ይወስዳል። ጄቱ በጎማው የሚያርፈው በተደጋጋሚ ተደልድሎ በጠጠረ በረዶ ላይ ነው። አብራሪው ነዳጁ ለመመለሻ ከሚበቃበት ነጥብ ሳያልፍ የማክመርዶን አየር ይጠይቃል፤ ከተበላሸ ዞሮ ይመለሳል። ሰባት ሰዓት በርሮ የተነሳበት ሜዳ ላይ የሚያርፍ ተሳፋሪ የተለመደ ነው።

3ኛ – 6ኛ ቀን፣ ማክመርዶ

በበጋ አንድ ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ፣ ከሳይንስ ጣቢያ ይልቅ የማዕድን ማውጫ ሰፈር የሚመስል ቦታ ነው። እዚህ የሚማሩት ነገር አጭር ነው፤ ግን አይዘለልም። ድንኳኑ የሚታሰረው በካስማ አይደለም። ገመዱ ጣውላ ላይ ይታሰራል፣ ጣውላው ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ በረዶ ተመልሶበት ይረገጣል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ካስማ ግን ፀሐይ ሲመታው ዙሪያውን አቅልጦ በነፋስ ይነቀላል።

መንገዱ በቀርከሃ ዘንግ ላይ በታሰረ ባንዲራ ይመራል። ቀይና አረንጓዴው የተፈተሸ መንገድ ነው፤ ጥቁሩ «አትቅረብ» ማለት ነው፣ ስሩ ስንጥቅ አለ። አየሩ በሦስት ደረጃ ይታወጃል። የመጨረሻው «አንድ» ሲባል ነፋሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር አልፏል፣ ወይም ከ30 ሜትር ወዲያ አይታይም፣ ወይም ነፋስ የጨመረበት ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 73 ዲግሪ ሴልሽየስ አልፏል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ሚቀጥለው ቤት መሄድም ይከለከላል።

7ኛ ቀን፣ ዋይስ ዲቫይድ

ከማክመርዶ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር። የምዕራብ አንታርክቲካ በረዶ ወደ ሁለት ባህር የሚከፈልበት ጋማ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ከፍታው 1,766 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር የለውም። ችግሩ ድርቀት ነው። አየሩ እርጥበት ስለሌለው ሰው ሳያልበው ውሃው ያልቅበታል፤ በቀን 4 ሊትር መጠጣት ግድ ነው፣ ያን ውሃ ማቅለጥ ደግሞ ነዳጅ ነው።

ትዌይትስን ለመረዳት እዚህ ቆሞ አንድ ቅነሳ መስራት ይበቃል። በዚሁ ስፍራ ተቆፍሮ የወጣው የበረዶ ናሙና 3,405 ሜትር ይረዝማል፤ ያም የመጨረሻውን መሬት አልነካም። ከፍታው 1,766 ከሆነ፣ መሬቱ ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ይህ ሁሉ በረዶ ተራራ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ባህር ሊሆን በሚችል ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ውቅያኖሱን የከለከለው በረዶው ራሱ ነው።

8ኛ – 11ኛ ቀን፣ ነፋስ

ነፋሱ በረዶ እየነዳ ሲመጣ አውሮፕላን የለም። ጭነት መሬት ላይ ከተተወ ይቀበራል። ስለዚህ ሳጥኖቹ ከፍ ብሎ በተደለደለ የበረዶ መደብ ላይ በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀርከሃ ይተከላል፣ የየሳጥኑ ቦታ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ያልተመዘገበ ሳጥን ከሳምንት በኋላ በአካፋ የሚፈለግ ሳጥን ነው።

በእነዚህ ቀናት ሌላ ስራ ስለሌለ የሂሳቡን ነገር እዚህ ማንሳት ይሻላል። 360 ጊጋ ቶን ገደማ በረዶ ከመሬት ተነስቶ ባህር ሲገባ የዓለም ባህር ጠለል 1 ሚሊ ሜትር ይነሳል። ቀድሞ የተንሳፈፈው ግን ሲቀልጥ ከዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ በረዶ ሟሙቶ ብርጭቆውን እንደማያፈሰው ማለት ነው። ታዲያ ተንሳፋፊው ክፍል ምን ያስጨንቃል? ውታፍ ስለሆነ ነው። ጎንና ጎኑን ተደግፎ፣ ከፊቱ የባህር ወለል ጉብታ ላይ ተገትሮ ከኋላው ያለውን የመሬት በረዶ ይይዛል። ላርሰን ቢ የተባለው የአንታርክቲካ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ተንሳፋፊ በ2002 በአምስት ሳምንት ውስጥ ሲፈራርስ ባህሩ በእሱ አልተነሳም። ከኋላው የነበሩት ግግሮች ግን ፍጥነታቸው ከሁለት እስከ ስምንት እጥፍ ጨመረ። ላርሰን ቢን የገደለው ከላይ የቀለጠ ውሃ ነው፤ ውሃ ከበረዶ ስለሚከብድ ስንጥቁን እየሞላ እስከ ታች ሰነጠቀው። ትዌይትስ ላይ የሚመጣው በሌላ በር፣ ከታች ነው።

አሁን ትዌይትስ በዓመት ከሚጨምረው የባህር ጠለል 4 በመቶውን ያህል ያዋጣል። ጠለሉ በ2006 እና በ2018 መካከል በዓመት በ3.7 ሚሊ ሜትር ነበር የጨመረው። 4 በመቶው 0.15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ አካሄድ 65 ሴንቲ ሜትሩ ለማለቅ ከ4,000 ዓመት በላይ ይፈልጋል፤ ማንንም እንቅልፍ የሚነሳ አይመስልም። ይህን ስሌት ይዞ «ተጋኗል» የሚል ሰው ያጋጥማል። ስህተቱ ማካፈሉ ላይ ሳይሆን ፍጥነቱ አይለወጥም ብሎ መነሳቱ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል ወይ ለሚለው ማስረጃው ባልታሰበ ቦታ ይገኛል። የባህር ጠለል ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ካሁኑ ከ5 እስከ 10 ሜትር ይበልጥ ነበር። የዚያ ዘመን የዛጎልና የኮራል ቅሪት ዛሬ አፋር ውስጥ፣ ደናክል ረባዳ ዳርቻ ላይ ደርቆ ይታያል፤ ቀይ ባህር ያኔ እዚያ ገብቶ ነበር። በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ በአንታርክቲካ ሁለት ወገን ባሉ ባህሮች የሚኖር አንድ የኦክቶፐስ ዝርያ ዘረመሉ በዚያው ዘመን ገደማ መቀላቀሉን አሳይቷል። የማይዋኝበት በረዶ መሃል ላይ ቢኖር ሊቀላቀል አይችልም ነበር።

በረዶው ሲሄድ ውሃው እኩል አይከፋፈልም። ግግሩ በክብደቱ ባህሩን ወደራሱ ይስብ ነበርና፣ ሲቀንስ አካባቢው ዝቅ ብሎ ሩቅ ያለው ከአማካዩ በላይ ይነሳል። ሰሜን አሜሪካና ህንድ ውቅያኖስ በዚህ ውስጥ ናቸው። ባህር የሌላት ኢትዮጵያም ጭነቷ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው የሚወርደው።

12ኛ ቀን፣ ተንሳፋፊው ላይ

ትዊን ኦተር የተባለችው ትንሽ ባለ ስኪ አውሮፕላን ናት እዚህ የምታደርሰው። ከመሳፈር በፊት ከሳተላይት ምስል ስንጥቅ የሌለበት ቦታ ተመርጧል። ምስል ግን በበረዶ ድልድይ የተሸፈነ ስንጥቅ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በገመድ የተያያዙ ሰዎች ራዳር እየጎተቱ ሰፈሩን ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ራዳሩ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ ቅስት ከታየ ስሩ ባዶ ነው። የተፈተሸው በባንዲራ ይታጠራል፣ ከአጥሩ ውጭ ሽንት ቤት እንኳ አይኬድም።

ከእግር በታች 600 ሜትር የሚጠጋ በረዶ፣ ከእሱ በታች 50 ሜትር ገደማ ውሃ፣ ከዚያ ወለሉ አለ። መሬት የሚለቅበት መስመር 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ላይ ሆኖ ግን የሚታይ ነገር የለም፤ ነጭ ሜዳ ነው።

13ኛ – 15ኛ ቀን፣ ውሃ ማጠራቀም

በረዶ የሚበሳው በብረት ሳይሆን በፈላ ሊባል በሚቃረብ ውሃ ነው። መጀመሪያ 10,000 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። እሱን የሚይዘው እንደ ሮቶ የቆመ ነገር ሳይሆን መሬት ላይ የሚዘረጋ የላስቲክ ከረጢት ነው። ያን ለመሙላት 27 ሜትር ኩብ ያህል ለስላሳ በረዶ በአካፋ ይዛቃል። ደረቅ በረዶ ማሞቂያ ላይ ብቻውን አይጣድም። ውስጡ አየር ስለሆነ ሙቀቱን አይቀበልም፤ ድስቱ ከታች ይቃጠላል፣ በረዶው ከላይ እንዳለ ይቆያል። ጥቂት ውሃ አስቀድሞ ይሞቅና በረዶው እሱ ላይ ይጨመራል።

የነዳጁን ሂሳብ ቀድሞ የማይሰራ ቡድን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 600 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 39 ቶን ገደማ በረዶ ነው። ከዜሮ በታች 20 ላይ ያለን በረዶ ዜሮ አድርሶ ለማቅለጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ 376 ኪሎ ጁል ይጠይቃል፤ ተባዝቶ 420 ሊትር ገደማ የአውሮፕላን ነዳጅ ይሆናል። ይህ አንድ ጠብታ ሙቀት ካልባከነ ነው። ሙቁን ውሃ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው የጎማ ቱቦ በመንገዱ ሁሉ ሙቀት ያፈሳል፣ ማሞቂያውም በጭስ ያጣል፣ ጉድጓዱም በየጊዜው ይሰፋል። ሁለት በርሜል የሚለው ስሌት በተግባር ብዙ በርሜል ነው፤ እያንዳንዱ በርሜል ደግሞ በአውሮፕላን የመጣ ነው።

16ኛ ቀን፣ መብሳት

ጎማው ጫፍ ላይ ረጅም ከባድ የብረት ዘንግ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ የሚተፋ አፍንጫ አለ። ጉድጓዱን ቀጥ የሚያደርገው የዘንጉ ክብደት ብቻ ነው፤ እንደ ግንበኛ ቱምቢ ተንጠልጥሎ መውረድ አለበት። ዊንቹን (ጎማውን የሚያወርደውንና የሚጎትተውን ማሽን) የያዘው ሰው ከሚቀልጠው በላይ ቢቸኩል ዘንጉ ታች ይነካል፣ ይጋደማል፣ ጉድጓዱም ይጣመማል። የጎማውን ክብደት የሚያሳየው መለኪያ ድንገት ከቀነሰ ታች ነክቷል ማለት ነው፤ ይቆማል፣ ትንሽ ይጎተታል፣ ቀስ ተብሎ ይቀጠላል። በደቂቃ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ጥሩ ፍጥነት ነው።

ከዋናው ጎን ሁለተኛ አጭር ጉድጓድ አስቀድሞ ይበሳል፤ ከታች ክፍት ሆኖ ከዋናው ጋር ይገናኛል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መብሳቱ ባህር ሲደርስ በጉድጓዱ ያለው ውሃ ከባህር ጠለል ጋር ይስተካከላል፣ ማለትም ከላዩ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፓምፑ ከዚያ ጥልቀት በታች ካልተቀመጠ ደረቅ ይጠባል፣ የሚሞቅ ውሃ ያልቃል። ሁለተኛው ጉድጓድ የፓምፑ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚፈራው የጄኔሬተር መጥፋት ነው። ፍሰት የቆመበት ጎማ በደቂቃዎች ውስጡ በረዶ መሆን ይጀምራል፤ በረዶ የሆነ ጎማ 600 ሜትሩን ይዞ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ተጠባባቂው ጄኔሬተር ተነስቶ የሚሞቅ ነው እንጂ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም።

17ኛ ቀን፣ ባህር

መድረሱ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በሁለተኛው ጉድጓድ የውሃ ልክ ነው፤ ድንገት ይለወጣል። 587 ሜትር ላይ ተበሳ። ከዚያ ወዲያ ሰዓት ይቆጠራል። ግድግዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ ውሃው ከዳር ወደ መሃል ይረጋል፤ በየጊዜው ሙቅ ውሃ ተመልሶ ካልሰደዱበት መሳሪያው ይታነቃል።

መጀመሪያ የሚወርደው ሲቲዲ ነው፤ ጨዋማነት፣ ሙቀትና ጥልቀት ይለካል። ያመጣው ቁጥር ላላወቀ ሰው ምንም አይመስልም፤ ውሃው ገና ከዜሮ በታች ነው። ነገር ግን የባህር ውሃ ላይኛው ገጽ ላይ በዜሮ በታች 1.9 ይረጋል፣ 500 ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ በግፊቱ ምክንያት 2.3 ገደማ ላይ ነው የሚረጋው። የተገኘው ውሃ በዚያ ጥልቀት ከሚረጋበት 1.5 ዲግሪ ይሞቃል። ለበረዶ ይህ ሙቅ ውሃ ነው። የሚመጣው ከጥልቁ ውቅያኖስ ነው፤ ጨዋማ ስለሆነ ይከብዳል፣ በባህር ወለሉ ሸለቆዎች ተንፏቆ በረዶው ስር ይገባል።

18ኛና 19ኛ ቀን፣ አይስፊን

አይስፊን 3.5 ሜትር የሚረዝም፣ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር፣ እንደ ቧንቧ የቀጠነ የውሃ ሮቦት ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ሲገባ በየጎኑ የሚተርፈው 3.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት ይሰፋል፣ ከመውጣቱ በፊትም እንደገና ይሰፋል። ከኋላው ቀጭን የመረጃ ገመድ እየጎተተ ወደ መስመሩ ይሄዳል።

ያየው ነገር የሚጠበቀውን አፈረሰ። የበረዶው ሆድ ጠፍጣፋ በሆነበት መቅለጡ በዓመት ከ2 እስከ 5 ሜትር ነው፤ ሞዴሎች ከጠበቁት በታች። የሚቀልጠው ውሃ ጨው ስለሌለው ቀሎ በረዶው ስር እንደ ብርድ ልብስ ይለጠፋል፣ ሙቁን ውሃ ያርቃል። ነገር ግን ሆዱ ሁሉ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ የተሰራ ነው፣ ስንጥቆችም አሉት። በእነዚያ ቀጥ ባሉ ግድግዳዎች ላይ ብርድ ልብሱ አይቆምም፤ እስከ 43 ሜትር በዓመት ይቀልጣል። ስንጥቁ የሚሰፋው እንዲህ ነው። በረዶው የሚሳሳው እኩል ሳይሆን በደካማ ጎኑ ነው።

20ኛ ቀን፣ ከመስመሩ ወዲያ

መለኪያ መሳሪያዎቹ ከመተከላቸው በፊት ቁጥሮቹን አንድ ላይ ማየት ይገባል። መስመሩ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ 14 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ አፈግፍጓል። ጠፍጣፋው ላይ የተለካው መቅለጥ ደግሞ ትንሽ ነው። ሁለቱ አብረው እውነት ከሆኑ አንድ ነገር ይወጣል፤ ትዌይትስን ለማስለቀቅ ብዙ ሙቀት አያስፈልግም።

ምክንያቱ የመሬቱ ቅርጽ ነው። ወለሉ ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ይጠልቃል። መስመሩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የሚያርፈው ይበልጥ ጥልቅ ቦታ፣ ይበልጥ ወፍራም በረዶ ላይ ነው፤ ወፍራም በረዶ ደግሞ በክብደቱ ቶሎ ወደ ባህር ይፈሳል፣ ሲፈስ ይሳሳል፣ ሲሳሳ መሬት ይለቃል። ከዚህ ደፍ በኋላ ውሃው ሙቀት ባይጨምርም ነገሩ ራሱን ይነዳል። ሃሳቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚያከራክረው ትዌይትስ ደፉን ተሻግሯል ወይ የሚለው ነው። በ2022 የታተመ ሰፊ ግምገማ ለምዕራብ አንታርክቲካ ደፉን የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ የሚጨምርበት አካባቢ አስቀምጦ ከ1 እስከ 3 ይሆናል ብሏል። ክልሉ ሰፊ ነው፤ ዝቅተኛው ጫፍ ግን ከኋላችን ነው።

ፍጥነቱ አንድ ወጥ እንዳልሆነ ወለሉም ይመሰክራል። ከግግሩ ፊት ለፊት፣ ሰው አልባ ሰርጓጅ መሳሪያ የቀረጸችው የባህር ወለል ላይ ከ160 በላይ ትንንሽ ሸንተረሮች ተደርድረዋል። በረዶው በየቀኑ ከሚሞላውና ከሚጎድለው ባህር ጋር ከፍና ዝቅ ሲል አንድ አንድ እየተወ የሄደው ፈለግ ነው። ርቀታቸው ሲለካ ከስድስት ወር ላነሰ ጊዜ በዓመት 2.1 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት አፈግፍጎ ነበር። አንድ ጉብታ ለቆ ቀጣዩ ላይ እስኪያዝ ማለት ነው። መሳሪያዋ ራን ትባል ነበር፤ በ2024 በአቅራቢያው ባለው የዶትሰን ተንሳፋፊ ስር ገብታ ሳትመለስ ቀረች።

ከፍተኛ የበረዶ ገደል በራሱ ክብደት እየተናደ ይሄዳል የሚለው ሌላው ሃሳብ ግን ገና አልጸናም፤ የ2024 አንድ ጥናት ትዌይትስ በዚህ ክፍለ ዘመን በዚያ መንገድ የመፍረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው ብሏል። የመንግስታቱ የአየር ንብረት ፓነል ለ2100 የባህር ጠለል ጭማሪውን እንደ ልቀቱ መጠን ከ28 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ካለ በኋላ፣ 2 ሜትርን ጨርሶ አይሆንም ማለት አልፈለገም። ያ የ2 ሜትር ስጋት የሚመጣው ከእዚህ ዓይነት ወለል ነው።

21ኛ – 23ኛ ቀን፣ መሳሪያ ተክሎ መሄድ

የሙቀትና የፍሰት መለኪያዎች በኬብል ታስረው ይወርዳሉ፣ ጉድጓዱም በላያቸው እንዲረጋ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣቸውም። ስለዚህ ከመርጋቱ በፊት እያንዳንዱ መለኪያ አንድ በአንድ ቁጥሩን ሲልክ ይታያል፤ የረጋ ኬብል ላይ የላላ ማያያዣ አይጠገንም። ላይ ላዩ ራዳር ይቀመጣል፤ ከበረዶው ሆድ የሚመለሰውን ሞገድ እያነጻጸረ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ለውጥ ያያል። የጂፒኤስ፣ የአየር መለኪያና የሳተላይት መላኪያ ያለው ማማም ይቆማል። ማማው ሲሰራ የወደፊቱ በረዶ ይታሰባል፤ ዘንድሮ ከደረት በላይ ያለው ሶላር ከርሞ ጉልበት ላይ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ከመጀመሪያው የተቀበረ ነው።

24ኛ ቀን፣ መልስ

ባዶ በርሜል፣ የተሰበረ አካፋ፣ ቆሻሻ፣ ሁሉም ይመለሳል። የሚቀረው ማማውና የተቀበረው ኬብል ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አብራሪ የሚሰጠው መጋጠሚያ ነጥብ (የቦታው የካርታ ቁጥር) ዛሬ የተጻፈው አይደለም፤ ማማው በሚመጣው ወቅት መጀመሪያ ላይ የሚልከው ነው። በረዶው በዓመት መቶ ሜትሮችን ይጓዛል፤ የዛሬው ነጥብ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ራዳር ያልዞረበት፣ ባንዲራ ያልተተከለበት ሌላ በረዶ ላይ ነው የሚያርፈው።